ክንድ ቆጣሪዎቹ

ቻምበርስ ሮድ ረጅም መንገድ ነው። ከሰሜን፣ ከሞንትቤሎ ሰፈር ወርዶ ኢንተርስቴት 70ን ይሻገርና ኦሮራ ይገባል፤ ከዚያ ኮልፋክስን፣ ሚሲሲፒን፣ አይሊፍን፣ ሃምፕደንን እያቋረጠ ወደ ደቡብ ይነጉዳል። ከኤርፖርት መንገደኛ አድርሶ የሚመለስ የአገሬ ልጅ መንገዱን ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል። ባለፈው የጸደይ ወራት አንድ ቅዳሜ ከዚሁ መንገድ ራቅ ሳይል ባለ ሜዳ የጎረቤቴን ልጅ ጨዋታ ለማየት ሄድኩ። ልጁ 16 ዓመቱ ነው፣ ኦሮራ ተወልዶ ያደገ፣ እግር ኳስን ትቶ ቤዝቦል የያዘ። ወርዋሪ ነው።

ከሽቦው አጥር ጀርባ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ተጣጣፊ ወንበር ዘርግቶ ተቀምጧል። የፀጉር ማድረቂያ የሚመስል የፍጥነት መለኪያ ልጁ ላይ ይደግናል፣ ያያል፣ ከዚያ ጉልበቱ ላይ ካለው ትንሽ ደብተር ቁጥር ያሰፍራል።

«ምንድነው የሚጽፈው?» አለችኝ እናትየው፣ ከፔርሙዝ ሻይ እየቀዳችልኝ።

«የልጅሽን ዕጣ ነዋ!»

«አውደ ነገሥት ገላጭ ነው በለኛ።»

ብዙም አልተሳሳተች። የእኛ ደብተራ የልጁንና የእናቱን ስም በፊደል ቆጥሮ፣ በ12 ገድፎ፣ በቀረችው ቁጥር ዕድሉን ይነግራል። የቤዝቦል መልማይ ደግሞ ክንድ ይቆጥራል። መለኪያው ከ20 ይነሳና 80 ላይ ያበቃል፤ 50 የመካከለኛ የትልቁ ሊግ ተጫዋች ልክ ነው። ለእያንዳንዱ የውርወራ ዓይነት ሁለት ቁጥር ይሰጣል፤ አንዱ የዛሬው፣ ሌላው የነገው። በመጨረሻም ልጁ ሲያድግ የሚይዘውን የሥራ ቦታ ይጽፋል። ጠቡ ሁሉ ያለው እዚህች ላይ ነው።

ለማያውቅ ላስረዳ። ግጥሚያው 9 ኢኒንግ አለው። ከፍቶ አምስት ስድስት ኢኒንግ የሚዘልቀው ጀማሪ ወርዋሪ ይባላል። እሱ ሲደክም፣ ቡልፔን ከሚሉት ከሜዳው ዳር ማሟሟቂያ ተቀያሪ ይመጣል፤ የመጨረሻዋን ኢኒንግ ቆልፎ የሚወጣው ደግሞ ዘጊ ነው። ጀማሪ በአምስት ቀን አንዴ ይሠራል፣ ደመወዙም ክብሩም ከሌላው ይበልጣል። አንድ መቺ በአንድ ግጥሚያ ሦስቴ ሊገጥመው ስለሚችል ሦስት ዓይነት ውርወራ ያስፈልገዋል ይላል የመልማዮች ሕግ፤ ሁለት ብቻ ያለው ቡልፔን ይውረድ። የወርዋሪ ጥሩነት የሚለካው በ9 ኢኒንግ በአማካይ በሚቆጠርበት ነጥብ ነው፤ 3 አካባቢ ግሩም፣ 5 ካለፈ ደግሞ እንጀራ ያሳጣል። ይህንን ይዘን ወደ ኋላ እንሂድ። ዓመቶቹም ቀኖቹም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዴንቨር ለረጅም ጊዜ የመውረጃ ከተማ ነበረች። በ1948 ቦብ ሃውሳም የሚባል ሰው ቤተሰቡን ይዞ ቤርስ ስታዲየምን አስገነባ። ዴንቨር ቤርስ በ1955 የኒውዮርክ ያንኪስ የመጨረሻው እርከን የማይነር ሊግ ቡድን ሆነ፤ ከዚያ በላይ ያለው ትልቁ ሊግ ብቻ ነው። ከላይ የተባረረ እዚህ ይወድቃል፣ ከታች የመጣም እዚህ ደርሶ ይጠብቃል።

በመጀመሪያው ዓመት ከወደቁት አንዱ ዶን ላርሰን ነው። ላርሰን በ1954 ለባልቲሞር ተሰልፎ 3 አሸንፎ 21 የተሸነፈ ሰው ነው። ያንኪስ ከነጉድለቱ ወሰዱትና ወደ ዴንቨር ላኩት። እዚህ 9 አሸንፎ 1 ብቻ ተሸነፈና ተመልሶ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት የዓለም ዋንጫ ብለው በሚጠሩት የፍጻሜ ውድድር ሁለተኛውን ግጥሚያ ጀምሮ ሁለተኛውን ኢኒንግ እንኳ ሳይጨርስ ተነሳ። ጥቅምት 8 ቀን 1956 ግን በአምስተኛው ግጥሚያ በ97 ውርወራ 27 የብሩክሊን መቺዎችን አንድ በአንድ መለሰ፤ አንድም ሰው ቤዝ አልረገጠም። በዚያ ውድድር ታሪክ እንደዚያ ያደረገ ከእሱ በፊትም ከእሱ በኋላም የለም። 3 ለ21 የሆነን ክንድ ቆጥሮ ይህንን ያነበበ ደብተራ ካለ፣ እኔም ስሜን ይዤ እሄድ ነበር።

ከእሱ ኋላ የመጣው ራይን ዱረን ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ ይቀርባል። ዱረን ፍጥነቱ የሚያስፈራ፣ የዓይኑ መነጽር ከጠርሙስ ቂጥ የወፈረ ወርዋሪ ነበር። ሲያሟሙቅ አንዷን ኳስ ከተቀባዩ ራስ በላይ አሳልፎ አጥሩ ላይ ያጮሃታል፤ ተራው የደረሰው መቺ ያንን አይቶ ጉልበቱ ይርዳል። በ1957 ለዴንቨር 13 አሸንፎ 2 ብቻ ተሸነፈ። ይህ ያማረ የጀማሪ ውጤት ነው። ያንኪስ ግን በ1958 ወደ ላይ ሲያወጡት ቡልፔን አስቀመጡት፤ የቡድኑን መሪነት ጠብቆ በመጨረስ፣ ከትልቁ ሊግ ሁለት ክፍሎች አንዱ የሆነው የአሜሪካን ሊግ ቀዳሚ ሆነ፣ 20 ጊዜ። የሚገርመው፣ ያኔ ይህ ሥራ በመዝገብ እንኳ አልነበረም። «ሴቭ» የሚባለው ቁጥር በይፋ መያዝ የጀመረው በ1969 ነው፤ የዱረን 20 የተቆጠረለት ወደ ኋላ ተመልሶ ነው። ስም ላልወጣለት ሥራ ማን ነው ትንበያ የሚጽፍ?

ስም ከወጣለት በኋላም ስህተቱ አልቀረም። ከዴንቨር ደቡብ ባለችው ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ያደገውን ሪች ጎሴጅን ቺካጎ ዋይት ሶክስ በ1970፣ ቡድኖች አዲስ ተጫዋች በየተራ በሚመርጡበት ድራፍት፣ በዘጠነኛው ዙር መረጡት። በ1975 የሊጉ ቀዳሚ ዘጊ ሆነ። በዓመቱ «እንዲህ ያለ ክንድ በአንድ ሁለት ኢኒንግ ይባክናል?» ተባለና ጀማሪ ተደረገ። 9 አሸነፈ፣ 17 ተሸነፈ። በ1977 ፒትስበርግ ወስዶ ወደ ቡልፔኑ ሲመልሰው አማካዩ 1.62 ላይ ወረደ። በ2008 የክብር መዝገብ ውስጥ የገባው በተቀያሪነቱ ነው።

ኦሮራ ራሷ የመጀመሪያውን ትልቅ ክንድ ያወጣችው በእነዚህ ዓመታት ነው። ከቻምበርስ በስተምዕራብ ካለው ኦሮራ ሴንትራል ሁለተኛ ደረጃ የወጣው ግራኙ ዳኒ ጃክሰን፣ በትሪኒዳድ ከተማ በአንድ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ሲጫወት ቆይቶ ካንሳስ ሲቲ ሮያልስ በጥር 1982 ድራፍት ከሁሉ ቀድመው ወሰዱት። በ1985 ቡድኑ 3 ለ1 ተመርቶ ሞት አፋፍ ላይ ሲደርስ ሁለቴ እሱን ላከ፤ አንዴ ከፍጻሜው በፊት፣ አንዴ በፍጻሜው ከሴንት ሉዊስ ጋር። ሁለቱንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወርውሮ አሸነፈ፤ ቡድኑም ዋንጫውን ወሰደ። በ1988 ለሲንሲናቲ 23 አሸንፎ 8 ተሸነፈ። ስለ ጃክሰን ትንበያው ልክ ነበር። ሁሌም ይስታሉ ያልኩ እንዳይመስል ነው እሱን ያነሳሁት።

በ1991 ዴንቨር የራሷ የትልቁ ሊግ ቡድን ተፈቀደላት፤ ኮሎራዶ ሮኪስ። የመውረጃ ከተማነቷ አበቃ፤ አሁን እሷ መራጭ ሆነች። አዳዲስ ቡድኖች ከነባሮቹ ተጫዋች የሚነጥቁበት ድራፍት ኅዳር 17 ቀን 1992 ኒውዮርክ ላይ ተካሄደ። የሮኪስ የመጀመሪያ ምርጫ ዴቪድ ኒድ ነበር፤ የአትላንታ ወርዋሪ፣ 23 ዓመቱ፣ ለትልቁ ቡድን በተሰለፈባቸው ጥቂት ግጥሚያዎች 3 አሸንፎ ያልተሸነፈ፣ አማካዩ 1.17። ሰው ሁሉ የአሥር ዓመት ምሰሶ ተገኘ አለ። ሚያዝያ 5 ቀን 1993 የሮኪስን የመጀመሪያ ግጥሚያ ከኒውዮርክ ሜትስ ጋር የጀመረው እሱ ነው፤ ዳዋይት ጉደን 3 ለ0 አሸነፈው። ከአራት ቀን በኋላ በዴንቨሩ የመጀመሪያ ግጥሚያ 80,227 ሰው ገባ። የኒድ ክርን ግን በዚያው ዓመት ተጎዳ። ከ1996 በኋላ በትልቁ ሊግ አልታየም።

በዚያው 1993 ሮኪስ ከኦክላሆማ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በ28ኛነት መረጡ፤ ጄሚ ራይት። ጀማሪ ይሆናል ተባለ፤ ሆነም፣ ግን እንደ ነገሩ። ከዚያ ከቡድን ቡድን ተንከራተተ፣ ቡልፔን ገባ። ይህ ሰው 19 የውድድር ዓመት፣ እስከ 2014 ድረስ፣ በ10 ቡድን ተጫወተ። ምሰሶ የተባለው በአራት ዓመት ሲሰበር፣ ለማገር እንኳ ያልታሰበው ጣራውን ተሸክሞ ኖረ።

አሁን ስለ አየሩ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ዴንቨር ከባሕር ወለል 1,609 ሜትር ከፍ ትላለች፤ በኩርስ ፊልድ ስታዲየም የላይኛው ፎቅ አንድ ረድፍ ወንበር ልኩን ለማሳየት ወይን ጠጅ ተቀብቷል። ለአዲስ አበባ ልጅ ይህ ያስቃል፤ እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ተወልደን ነው ደረጃ ስንወጣ የሚያለከልከውን ፈረንጅ የምናየው። ኳሷ ግን አትስቅም። እዚህ ያለው የአየር እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው አራት አምስተኛ ያህል ነው። የተመታች ኳስ የሚያቆማት አጥታ ትርቃለች። ለወርዋሪው የባሰው ግን ሌላ ነው፤ ኳሷ የምትታጠፈው 108 ስፌቶቿ እየተሽከረከሩ አየሩን ስለሚገፉ ነው። የሚገፋ አየር ሲያንስ መታጠፉም ያንሳል። ሌላ ቦታ ወድቃ የምትጠፋው፣ ከርቭ የሚሏት ውርወራ እዚህ እንደ ትሪ ላይ እንጀራ ተዘርግታ ትቀርባለች። በ1995 የተከፈተው ኩርስ ፊልድ በ1999 ብቻ 303 ሆምረን፣ አጥር የሚሻገር ምት፣ ተመታበት። መልማዩ በባሕር ዳርቻ ሜዳ «ከርቩ 60» ብሎ የጻፈለት ልጅ ዴንቨር ሲደርስ ስንት እንደሚሆን የሚነግር ሰንጠረዥ አልነበረም።

በዚህ መሃል ከዴንቨር በስተሰሜን ምዕራብ፣ አርቫዳ ውስጥ፣ አንድ ልጅ በምድር ቤት እየወረወረ አደገ። ሮይ ሃላዴይ ዴንቨር ተወለደ፣ ግንቦት 14 ቀን 1977። አባቱ አውሮፕላን አብራሪ ነበር። ወርዋሪ ከመቺ የሚቆምበት ርቀት 18 ሜትር ተኩል ያህል ነውና፣ ልጁ በረዶ በሚጥልበት ወራት እንዲለማመድ ያን ርዝመት የሚይዝ ምድር ቤት ያለው ቤት ፈልጎ ገዛ። ባስ ካምቤል የሚባሉ፣ የኮሎራዶን ወጣት ወርዋሪዎች ያለ ክፍያ የሚያስተምሩ አዛውንት ልጁን ያዙት። ቶሮንቶ ብሉ ጄይስ በ1995 በ17ኛነት መረጡት። በ1998 በሕይወቱ ሁለተኛ የትልቁ ሊግ ግጥሚያ አንድም ሳይመታበት ሊጨርስ አንድ ሰው ቀርቶት በሆምረን ተሰበረበት። ሰው ይህንን አይቶ «ደረሰ» አለ።

አልደረሰም። በ2000 አማካዩ 10.64 ሆነ፤ በአንድ ዓመት 50 ኢኒንግና ከዚያ በላይ ከወረወሩት ሁሉ በታሪክ የከፋው። በሚቀጥለው ዓመት ቡድኑ ወደ ዳኒዲን፣ ከትልቁ ሊግ ሦስት እርከን ወደ ታች፣ ላከው። እንዲህ ያለ ሰው ቤቱ ሄዶ በሩን ቢዘጋ ማንም አይፈርድበትም። ሜል ኩዊን የሚባል አሠልጣኝ ተቀበለውና ክንዱን ከላይ ወደ ታች መወርወሩን አስትቶ ወደ ጎን ዝቅ እንዲያደርገው አስተማረው፤ ቀጥ ብላ ትመጣ የነበረችው ኳስ መወላገድ ጀመረች። ደጋግሜ የተናገርኩት ታሪክ ነው፤ አሁንም ስጽፈው ያው ይገርመኛል። በአንድ ክረምት ተመልሶ ወጣ። በ2003 22 አሸንፎ 7 ተሸነፈና የሊጉ ምርጥ ወርዋሪ ተባለ። በ2010 ለፊላደልፊያ ሲጫወት በግንቦት አንድም ሰው ቤዝ ሳያስረግጥ አሸነፈ፤ በጥቅምት ደግሞ የማጣሪያ ግጥሚያ ላይ ሲንሲናቲን አንድም ሳያስመታ ሸኘ። ኅዳር 7 ቀን 2017 እንደ አባቱ የሚያበርራት ትንሽ አውሮፕላን ፍሎሪዳ ባሕር ላይ ወደቀች፤ በ40 ዓመቱ ሞተ። በ2019 የክብር መዝገቡ ውስጥ ገባ።

ከሃላዴይ ሦስት ዓመት በኋላ፣ እንዲሁ በ17ኛነት፣ ከቼሪ ክሪክ ሁለተኛ ደረጃ የወጣው ብራድ ሊጅ በሂዩስተን ተመረጠ። ለጀማሪነት ነበር። ጉዳት በጉዳት ላይ ተደራርቦ በማይነር ሊግ ዓመታቱ ከወረወረው በላይ ተኝቶ ታከመ። ቡልፔን የገባው ክንዱ ረጅም ሥራ እንደማይችል ስለታመነ ነው። ስላይደር የሚሏት ውርወራው ግን ለአንድ ኢኒንግ የሚመልሳት አልነበረም። በ2008 ለፊላደልፊያ የመዝጊያ ዕድል 48 ጊዜ ተሰጥቶት 48ቱንም ቆለፈ፤ የዓለም ዋንጫውን የመጨረሻ ውርወራ ወርውሮ በጉልበቱ ተንበረከከ።

ሮኪስ ደግሞ ልጅ አሳድጎ መጠበቅ ሲታክታቸው የደረሰ ወርዋሪ መግዛት ሞከሩ። በታኅሣሥ 2000 ለማይክ ሃምፕተን የ8 ዓመት 121 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጡት። በመጀመሪያው ዓመት አማካዩ 5.41፣ በሁለተኛው 6.15 ሆነ፤ በሁለት ዓመቱ ሸኙት። መፍትሔውን ያመጣው ከመልማዮቹም ከአሠልጣኞቹም ወገን አልነበረም። ቶኒ ካውል የሚባል የስታዲየሙ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ለአደን ሲወጣ ያደረገው የቆዳ ቦት ጫማ ደርቆ ተኮማትሮ ተመለከተ። ኳሷም ቆዳ አይደለች? ከበሮ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ቆዳው ተወጥሮ ድምፁ እንደሚሰላ የሚያውቅ የእኛ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ የዴንቨር ደረቅ አየር ኳሷን አድርቆ እንደ ተወጠረ ከበሮ ያነጥራታል። ከ2002 ጀምሮ ኳሶቹ እርጥበቱ 50 በመቶ በሆነ ክፍል ይቀመጡ ጀመር። ሆምረኑ ቀነሰ። በ2022 ሠላሳዎቹም ስታዲየሞች ይህንኑ ክፍል አስገቡ።

ወደ 2006 ድራፍት ስደርስ ሳቅም ሐዘንም ይይዘኛል። የመጀመሪያው ተመራጭ ሉክ ሆቼቫር ነበር፤ ዴንቨር የተወለደ፣ ፋውለር በምትባል ትንሽ የኮሎራዶ ከተማ ያደገ። ካንሳስ ሲቲ ወሰዱት። ሁለተኛውን የመረጡት ሮኪስ ናቸው፤ ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ግሬግ ሬይኖልድስን፣ ረጅም፣ ጠንካራ፣ ኳሷን ወደ መሬት የሚያስመታ፣ ለቀጭን አየር የተሠራ የሚመስል ልጅ። አስተሳሰቡ ሞኝነት አልነበረም። ነገር ግን በሰባተኛነት የተወሰደው ክሌይተን ከርሾ፣ በአሥረኛነት ቲም ሊንስከም፣ በአሥራ አንደኛነት ማክስ ሸርዘር ነበሩ። ሦስቱ ኋላ የሊጋቸውን የምርጥ ወርዋሪ ሽልማት በድምሩ ስምንት ጊዜ ወሰዱ። ሬይኖልድስ ለሮኪስ የተሰለፈው በሁለት የውድድር ዓመት ብቻ ነው።

ሆቼቫርስ? ዓመት ከዓመት ጀማሪ ሆኖ፣ ዓመት ከዓመት አማካዩ በ5 አካባቢና ከዚያ በላይ እየዋለለ፣ «አንደኛ ተመርጦ ይሄ ነው?» እየተባለ ኖረ። በ2013 ቡልፔን አስገቡት። 1.92። ተገላገለ ሲባል ክርኑ ተበጠሰ፤ 2014ን ሙሉ ታክሞ አሳለፈ፤ ጓደኞቹ ያለ እሱ ለፍጻሜ ቀርበው ተሸነፉ። በ2015 ተመለሰ። ኅዳር 1 ሌሊት ኒውዮርክ ላይ አምስተኛው ግጥሚያ እኩል ሆኖ 10ኛ ኢኒንግ ሲገባ ሆቼቫር ወጣ፣ ሁለት ኢኒንግ ዘጋ፣ ጓደኞቹ በ12ኛው አምስት ነጥብ አስቆጠሩ። ዋንጫውን ያስገኘው ግጥሚያ አሸናፊ ወርዋሪ ተብሎ የተመዘገበው ያ «ያልሆነለት» ልጅ ነው።

ከቻምበርስ በስተምሥራቅ፣ በአራፓሆ መንገድ ላይ፣ ግራንድቪው ሁለተኛ ደረጃ አለ። በ2010 ገደማ እዚያ የሚወረውረው ኬቪን ጋውስማን፣ የሚቀበለው ግሬግ በርድ ነበር። አንዱ ወርዋሪ፣ አንዱ ተቀባይ፤ ሁለቱም ትልቁ ሊግ ገቡ። በርድ ጀርባው ስላስቸገረው የተቀባይነቱን ጓንት ጥሎ አንደኛ ቤዝ ላይ ቆመ፤ በ2017 የማጣሪያ ጨዋታ ላይ ለያንኪስ ባስቆጠራት ሆምረን ይታወሳል። ጋውስማን ዶጀርስ በስድስተኛው ዙር ሲመርጡት እምቢ ብሎ ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሄደ፤ እዚያ በኢኒንግ መካከል ዱቄት ስኳር የተነሰነሰበት ዶናት እየበላ የሚወረውር ተብሎ ተወራለት። ባልቲሞር በ2012 በአራተኛነት ወሰዱት። በግንቦት 2013 አንድ እርከን ዘለው ትልቁ ሊግ አወጡት።

የጋውስማን ትንበያ ሁለት ነገር ይላል፤ ፈጣን ኳሱ ግሩም፣ እንደ ሹካ በሁለት ጣት መካከል ይዞ የሚለቃት፣ መቺው ደጅ ደርሳ ቁልቁል የምትወድቀው ስፕሊተሩም ግሩም። ሦስተኛዋስ? ሦስተኛዋ የለችም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ዓመታቱ ከላይ ታች መመላለስ ሆኑ፤ አንዴ ጀማሪ፣ አንዴ ቡልፔን፣ አንዴ ማይነር ሊግ፣ ሦስተኛዋን ኳስ ፍለጋ። በ2018 ወደ አትላንታ ተዘዋወረ።

እሱ ሲንከራተት ዴንቨር ሌላ ልጅ አወጣች። ካይል ፍሪላንድ ግንቦት 14 ተወለደ፣ ልክ እንደ ሃላዴይ፣ በ1993፣ ሮኪስ በተጀመሩበት ዓመት። እንዲህ ያለውን ደብተራው ቢሰማ ኖሮ ሌሊቱን ሲቆጥር ያድር ነበር። በቶማስ ጄፈርሰን ሁለተኛ ደረጃ የተማረ የከተማዋ ልጅ ነው፤ ሮኪስ በ2014 በስምንተኛነት መረጡት። በ2018 17 አሸንፎ 7 ተሸነፈ፤ አማካዩ 2.85፣ በኩርስ ፊልድ ደግሞ 2.40። ይህ ቁጥር በዚያ ሜዳ እንደ ተረት ነው። ምክንያቱን ሲጠይቁት አየሩን አልፈራውም፣ እዚሁ ነው ያደግኩት የሚል መልስ ነው የሚሰጠው። በሚቀጥለው ዓመት ግን ያው አየር፣ ያው ክንድ፣ 3 አሸንፎ 11 ተሸነፈ፤ 6.73። ወደ አልበከርኪ አወረዱት። ከዚያ ተመለሰ፤ በ2022 የ5 ዓመት 64.5 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ።

በዚያው በ2019 ክረምት ጋውስማንም ወድቆ ነበር፣ ያውም ከፍሪላንድ በባሰ። ነሐሴ 5 አትላንታ የፈለገ ይውሰደው ብሎ ለቀቀው። ሲንሲናቲ አነሳው፣ ቡልፔን አስቀመጠው። እዚያ ለአንድ ኢኒንግ የሚወጣ ሰው ሦስተኛ ኳስ አይጠየቅም። ስለዚህ ሁለቱን ብቻ፣ ፈጣኗንና ስፕሊተሯን፣ እየቀያየረ ሠራባቸው፤ ተሳካለት። ሲንሲናቲ ግን በታኅሣሥ ውሉን አላደሰችም። ሳን ፍራንሲስኮ ለአንድ ዓመት በ9 ሚሊዮን ወሰደውና መልሶ ጀማሪ አደረገው። በ2021 14 አሸንፎ 6 ተሸነፈ፣ አማካዩ 2.81። ቶሮንቶ የ5 ዓመት 110 ሚሊዮን ዶላር ሰጠው። በ2023 237 መቺዎችን በሦስት ስትራይክ አስወጥቶ የአሜሪካን ሊግ ቀዳሚ ሆነ። አብዛኞቹ ውርወራዎቹ ያው ሁለቱ ናቸው። ሲፈለግ የኖረው ሦስተኛ ኳስ አልተገኘም፤ ፍለጋው ነው የቆመው። በ2025 ጥቅምት በዓለም ዋንጫው ለቶሮንቶ ሁለት ግጥሚያ ጀመረ፤ ሁለቱንም ዶጀርስ፣ ያ በልጅነቱ እምቢ ያለው ቡድን፣ አሸነፈው። በውድድሩ ሁለተኛ ግጥሚያ፣ እሱ በጀመረው የመጀመሪያው፣ 17 መቺ በተከታታይ ሲመልስ እኔ ኦሮራ አንድ የሐበሻ ካፌ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ እጮህ ነበር፤ ቀሪው ቤት የእንግሊዝ ኳስ ድጋሚ እያየ።

ይህንን ሁሉ ለእናትየው በዚያ ቅዳሜ አልተረክሁላትም። ሻዬን ጠጣሁ። ልጇ በአራተኛው ኢኒንግ ሦስት ሰው በተከታታይ ያለ ምት አሳለፈ፤ ኳሷ እጁ ላይ አልያዝ አለችው፣ መዳፉን ሱሪው ላይ ይጠርጋል፣ አፈር ያነሳል፣ ይበትናል። አሠልጣኙ ወጥቶ አንዲት ነገር ጆሮው ላይ አለውና ከመካከል አንስቶ አንደኛ ቤዝ ላይ አቆመው። ሽማግሌው መሣሪያውን ከረጢት ውስጥ ከተተ፣ ወንበሩን አጠፈ፣ ደብተሩን ኪሱ ጨመረ፣ ወደ መኪናው አዘገመ።

እናትየው ጥርጣሬ በሞላው ዓይን እስኪርቅ ተከተለችው።

«ይሄ ሰውዬ የሚያውቀው ነገር የለም» አለች ፔርሙዙን እየከደነች። «የእኔን ስም እንኳ አልጠየቀም።»